የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር

የተከበራችሁ የዝግጅቱ ታዳሚዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ ስለ ቃላት ነው። በአንድ ቃል ልጀምር፦ «አረፈ»። አውሮፕላኑ አረፈ ሲባል እንግዳ ለመቀበል እንሄዳለን። ጋሽ እገሌ አረፉ ሲባል ለቅሶ እንሄዳለን። ልጁ እሁድን አርፎ ዋለ ሲባል የትም አንሄድም። «አርፈህ ቁጭ በል!» ሲባል ደግሞ መሄድ ብንፈልግም አይቻልም። አራቱንም ስትሰሙ ማናችሁም ግር አላላችሁም። አውሮፕላኑ፣ ጋሼ፣ እሁዱ፣ ቁጣው፣ ሁሉም ሥራውን ሠርቶላችኋል። ዐውድ የምንለው ይህንኑ ነው። ቃሉን የከበቡት ሌሎች ቃላት፣ ተናጋሪው፣ ሰሚው፣ ቦታውና ሰዓቱ።

በየቤታችን ስንሆን ይሄ ብዙ አያስቸግርም። ጣጣው የሚመጣው ሁለት ሙያዎች አንድ ቃል ይዘው ሲገናኙ ነው። ስለዚህ ዛሬ ልነግራችሁ የምፈልገው ይህን ነው፦ የማናውቀው ቃል ያን ያህል አይጎዳንም። ሲገጥመን «ምን ማለት ነው?» እንላለን። ካፈርንም ሰረቅ አድርገን ስልካችን ላይ እናያለን። የሚጎዳን የምናውቀው የሚመስለን ቃል ነው። እሱን ስንሰማ ራሳችንን ነቅንቀን እናልፋለን።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሕግም፣ የሥነ ጽሑፍም፣ የጋዜጠኝነትም ሰው አለ። «ጭብጥ» ልበል። የሥነ ጽሑፍ ሰው በድርሰቱ ውስጥ ውስጡን የሚሄደው ሐሳብ ይታየዋል። ዳኛ ጭብጥ ያዝኩ ሲል ግን ተከራካሪዎቹ የተለያዩበትን ነጥብ ለየሁ ማለቱ ነው። አንዱ ጋ ጭብጥ መልስ አይጠብቅም። ሌላው ጋ ካልተመለሰ መዝገቡ አይዘጋም። «ሰበር» ስል ጋዜጠኛው ስልኩን ያወጣል። ጠበቃው ደግሞ የመጨረሻ ፍርድ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለ ተብሎ የሚቀርበው አቤቱታ ነው ትዝ የሚለው። «ሂሳብ»ንማ ተዉት። መምህሩ፣ የባንክ ሠራተኛውና አስተናጋጁ ተካፍለውታል።

እስካሁን ጨዋታ ነበር። አሁን ወደማያስቀው ልግባ።

እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 ነው። ቦታው በስፔን ካናሪ ደሴቶች፣ ቴነሪፍ ላይ የሚገኘው የሎስ ሮዴዮስ አውሮፕላን ማረፊያ። ጎረቤት ደሴት ግራን ካናሪያ ኤርፖርት ውስጥ ቦምብ በመፈንዳቱ ወደዚያ ይበሩ የነበሩ አውሮፕላኖች ወደ ቴነሪፍ እንዲያርፉ ተደርገዋል። ከነሱ መካከል ሁለት ቦይንግ 747 አሉ። አንዱ የሆላንዱ ኬኤልኤም፣ ሌላው የአሜሪካው ፓን አም። ጉሙ ወፍራም ነው። የበረራ መቆጣጠሪያ ማማው አውሮፕላኖቹን አያይም፤ እነሱም አይተያዩም። ሁሉም በሬዲዮ የሚሰማውን ይዞ ነው የሚወስነው።

ኬኤልኤም መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ደርሶ፣ ዞሮ ቆሟል። ፓን አም እዚያው መንደርደሪያ ላይ በዝግታ ወደሱ አቅጣጫ እየመጣ ነው። በዚህ መሐል ማማው ለኬኤልኤም «ክሊራንስ» ሰጠ።

እዚህች ጋ አንዴ እንቁም። እኛ ክሊራንስ ስንባል ትዝ የሚለን ከሥራ ስንለቅ ፊርማ ለማስሞላት ከቢሮ ቢሮ የምንዞርበት ወረቀት ነው። በአቪዬሽን ደግሞ ክሊራንስ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንደኛው ከተነሣህ በኋላ በዚህ መስመር ሂድ፣ እስከዚህ ከፍታ ውጣ የሚል ፈቃድ ነው። ሌላው አሁን ተነሣ የሚል ነው። ለኬኤልኤም የተሰጠው የመጀመሪያው ብቻ ነበር። ሆኖም መልእክቱ ውስጥ «ከተነሣህ በኋላ ወደ ቀኝ ታጠፍ» የሚል ነበረበት። መነሣት የሚለው ቃል ጆሮ ገብቷል።

ረዳት አብራሪው የሰማውን መልእክት መልሶ ለማማው ከደገመ በኋላ መጨረሻ ላይ «አሁን መነሣት ላይ ነን» አለ። ካፒቴኑ መንደርደር ጀምሮ ነበር። በአብራሪዎቹ ቤት ይሄ ማለት «እየተነሣን ነው» ማለት ነው። በማማው ቤት ደግሞ «መነሻው ቦታ ላይ ቆመን እየጠበቅን ነው»። ተቆጣጣሪው «ኦኬ» አለ። አፍታ ቆይቶ «ለመነሣት ተጠባበቅ፣ እጠራሃለሁ» ሲል ጨመረ። በዚያችው ቅጽበት ፓን አም ገና መንደርደሪያው ላይ መሆኑን ተናገረ። ሁለቱ ንግግሮች በሬዲዮው ላይ ተደራረቡና ኬኤልኤም ጋ ሲጥ የሚል ጩኸት ሆነው ደረሱ። ጥርት ብላ የተሰማችው ያቺ «ኦኬ» ብቻ ናት።

583 ሰው አለቀ። የተረፉት 61 ሰዎች ሁሉም ከፓን አም ናቸው።

ሁሉንም ጥፋት በአንድ ቃል ላይ አልደፈድፍም። ጉሙ አለ። ጥድፊያው አለ። የኬኤልኤም የበረራ መሐንዲስ «ያ ፓን አም አልወጣም እንዴ?» ብሎ ጠይቆ ካፒቴኑ «ወጥቷል» በሚል ዓይነት መልስ ማለፉ አለ። ግን ከአደጋው በኋላ የተደረገውን ማሻሻያ እዩልኝ። ዛሬ በሬዲዮ ንግግር «ቴክኦፍ» (መነሣት) የሚለው ቃል የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥ፣ ሲደገም ወይም ሲሰረዝ ካልሆነ በቀር አይባልም። በሌላ ጊዜ «ዲፓርቸር» (ጉዞ መጀመር) ነው የሚባለው። ቃሉን በደንብ እናብራራው ብለው አልደከሙም። የሚነገርበትን ቦታ አጠሩት። እኔን እስከዛሬ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

አሥራ ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ ጃንዋሪ 25 ቀን 1990፣ የኮሎምቢያው አቪያንካ በረራ 52 ኒው ዮርክ ሰማይ ላይ ብዙ ከቆየ በኋላ ነዳጅ ጨርሶ ወደቀ። 73 ሰው ሞተ። አብራሪዎቹ ነዳጅ እያለቀባቸው መሆኑን ተናግረዋል፤ «ቅድሚያ» እንዲሰጣቸውም ጠይቀዋል። በነሱ ቤት ጮኸዋል። ማማውን ሥራ የሚያስጥለው ቃል ግን «ኢመርጀንሲ» ወይም የአደጋ ጥሪው «ሜይዴይ» ነው። ያንን አላሉም። መዝገበ ቃላት ብናይ «ቅድሚያ» የሚለው ቃል ምንም ጉድለት የለበትም።

ትንሽ ልባችሁን ላሳርፍ። ቲማቲም ፍራፍሬ ነው ወይስ አትክልት? በ1883 የወጣ የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ከውጭ በሚገባ አትክልት ላይ 10 በመቶ ቀረጥ ጥሎ ነበር። ፍራፍሬው ከቀረጥ ነጻ ነው። ኒክስ የተባሉ አስመጪዎች ቲማቲም ፍሬ ስለሆነ የከፈልነው ይመለስልን ብለው የኒው ዮርክ ወደብ ቀረጥ ሰብሳቢውን ከሰሱ። ጠበቆቹ ችሎት ላይ መዝገበ ቃላት እያወጡ ያነቡ ጀመር። አንዱ «ፍራፍሬ»ን ሲያነብ ሌላው ተነሥቶ «አተር»ን፣ «ኪያር»ን፣ «ዱባ»ን ያነባል። ነጋዴዎችም ለምስክርነት ቀርበው እነዚህ ቃላት በንግድ ዓለም የተለየ ትርጉም አላቸው ወይ ተብለው ተጠየቁ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሶ በ1893 ተወሰነ። ፍርዱ እንዲህ ነው፦ በእጽዋት ሳይንስ ቲማቲም ፍሬ ነው፤ በሕዝቡ የዕለት ንግግር ግን ከዋናው ምግብ ጋር የሚቀርብ አትክልት ነው፤ ስለዚህ ይቀረጣል።

ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ዳኞቹ ሳይንስ አያውቁም ብሎ ይስቃል። እኔ ፍርዱ ልክ ነው ባይ ነኝ። ዳኞቹ ሳይንሱን አልካዱም። ሕጉ የተጻፈው ለነጋዴና ለቀራጭ ነው፤ ስለዚህ የነጋዴውን ቋንቋ ወሰዱ። የእጽዋት ተመራማሪው በራሱ ቤተ ሙከራ እንዳሻው ይጥራው።

የሕግ ሰዎች በዚህ ነገር ላይ ከሁላችንም የቀደሙ ይመስለኛል። አዋጅ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ አካባቢ «ትርጓሜ» የሚል አንቀጽ አለ። እንዲህ ይጀምራል፦ «በዚህ አዋጅ ውስጥ የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር»። ከዚያ ቃላቱ ይዘረዘራሉ። እዚያ ዝርዝር ውስጥ «ሰው» ማለት የተፈጥሮ ሰው ወይም በሕግ የሰውነት መብት የተሰጠው አካል ነው ይላል። ሥጋ የሌለው ድርጅት ሰው ሆነ ማለት ነው። ሊከስ፣ ሊከሰስ፣ ንብረት ሊያፈራ ይችላል። እኔ ግን ከዝርዝሩ ይልቅ የመግቢያዋን ሐረግ እወዳታለሁ። ቃሉን ተርጉመው ሲያበቁ እንኳ ለአገባቡ በር ከፍተው ነው የሚሄዱት።

ሳይንቲስቶቹ ይህን አንቀጽ አይጽፉም። አንባቢያቸው የሙያ ባልደረባቸው ስለሆነ ይግባቡበታል። ከዚያ ግን ዜናው ወደኛ ይመጣል። «መድኃኒቱ ጉልህ ለውጥ አሳየ» የሚል። እኛ ጉልህ ስንል ትልቅ፣ ዓይን የሚገባ ማለታችን ነው። በስታትስቲክስ ግን ጉልህ ማለት፣ መድኃኒቱ ምንም ለውጥ ባያመጣ ኖሮ ይህን የሚያህል ውጤት በአጋጣሚ የማየት ዕድላችን ትንሽ ነበር ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ድንበሩ 5 በመቶ ነው፤ ይህችን ቁጥር ያስለመደው በ1925 መጽሐፍ ያወጣው እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር ነው። ስለ ለውጡ መጠን ቃሉ ምንም አይናገርም። በጥናቱ ብዙ ሺህ ሰው ካለ የደም ግፊትን በአንዲት ነጥብ ብቻ የቀነሰ መድኃኒትም «ጉልህ» ሊባል ይችላል። ተመራማሪው አልዋሸም። ጋዜጠኛውም አልዋሸም። ታማሚው ግን የሰማው ሌላ ነው።

የመድኃኒት መግለጫ ወረቀትም እንዲሁ ነው። በአውሮፓ አሠራር የጎንዮሽ ጉዳቱ «የተለመደ» ነው ከተባለ ከ100 ተጠቃሚዎች ከ1 እስከ 10 የሚሆኑት ላይ ይታያል ማለት ነው። «የተለመደ» የሚለውን ያነበበ ሰው ግን እኔንማ አይምረኝም ብሎ ኪኒኑን ይተዋል። በተቃራኒው፣ የአየር ንብረት ለውጥን የሚያጠናው የተባበሩት መንግሥታት ፓነል በሪፖርቱ «ሊሆን ይችላል» በሚመስል ለስላሳ ቃል ሲጽፍ ቢያንስ 66 በመቶ ማለቱ ነው። «በጣም» ከጨመረበት ቢያንስ 90። አንባቢው ገና አልተረጋገጠም ማለት ነው ብሎ ያልፋል። አንዱ ቃል ያለ አግባብ ያስፈራል፣ ሌላው ያለ አግባብ ያዘናጋል። ሐኪም ቤት ስላለው «ፖዘቲቭ»ማ ምን እላለሁ። ውጭ ሁሉ ፖዘቲቭ አስብ እየተባለ፣ እዚያ ደርሶ ያንኑ ቃል ሲሰሙ ጉልበት ይከዳል።

ወጣቶቹ ማሽን አሁን ይህን ሁሉ አይፈታውም ወይ እንደምትሉኝ ገምቻለሁ። እንግሊዛዊው የቋንቋ ምሁር ፈርዝ በ1957 አንድን ቃል የምታውቀው አብረውት በሚውሉት ጓደኞቹ ነው ብሎ ነበር። የዛሬዎቹ የቋንቋ ሞዴሎች፣ ማለትም ጽሑፍ አንብበው የሚመልሱት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች፣ የቆሙት በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት የነበሩት ለአንድ ቃል አንድ የቁጥር መግለጫ ብቻ ነበር የሚሰጡት። ትኬት ቆረጠ፣ ተስፋ ቆረጠ፣ ደመወዝ ቆረጠ፣ ሁሉም አንድ «ቆረጠ» ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ከመጣው ትራንስፎርመር ከሚባለው አሠራር ወዲህ ግን የቃሉ መግለጫ እንደ ጎረቤቶቹ ይለወጣል። ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ማሽኑ የሚያየው ገጹ ላይ ያሉትን ጎረቤቶች ነው። ቴነሪፍ ላይ የጎደለው ጉሙ ውስጥ የነበረው አውሮፕላን ነው። እሱ የትም ገጽ ላይ አልተጻፈም።

አንድ ተቃውሞም እመልሳለሁ። ታዲያ ለእያንዳንዱ ነገር አንድ አንድ ቃል ብንሰጠውስ የሚል። አይሆንም። የቃላት ብዛት ራሱ ይጥለናል። ደግሞ ሰምና ወርቅ ያለው ቋንቋ እየተናገርን ለቃል አንድ ትርጉም ብቻ ይበቃዋል ማለት አያምርብንም። ባለቅኔው ሁለቱን ትርጉሞች ሆን ብሎ ያገናኛል፤ ሰሚውም ሁለት መሆናቸውን ያውቃል። ስብሰባ ላይ ግን አንዳችን ሰሙን ይዘን አንዳችን ወርቁን ይዘን ተስማማን ብለን እንወጣለን።

ስለዚህ በነገው ስብሰባችሁ አንድ ጥያቄ ሞክሩልኝ፦ «ይሄ ቃል በናንተ ቤት ምን ማለት ነው?» አፍ አውጥቶ መጠየቁ መጀመሪያ ያሳፍራል። በተለይ ቃሉ ቀላል ሲሆን። እኔ «አልቋል» ከሚለው ጀምሩ እላለሁ። ፕሮግራመሩ አልቋል ሲል ኮዱን ጽፌ ጨረስኩ ማለቱ ነው። የሚፈትሸው ባልደረባው ፈተናውን አልፏል ብሎ ይሰማዋል። ሥራ አስኪያጁ ነገ ደንበኛ እጅ ይገባል ብሎ ይሰማዋል። ገንዘብ ቤቱ በጀቱ አለቀ ብሎ ይደነግጣል። ስክረም በሚባለው አሠራር የሚሠሩ የሶፍትዌር ቡድኖች ለዚህ ቃል ብቻ የጋራ ፍቺ አስቀምጠው ነው ሥራ የሚጀምሩት። ምን ምን ሲሟላ አለቀ እንደሚባል በዝርዝር ተጽፎ ይታወቃል። ሌሎቻችንም ከነሱ ብንሰርቅ ማንም አይከሰንም።

የመድረክ መሪዋ ሰዓቴ ማለቁን በምልክት እያሳየችኝ ነው። ይሄኛው «አልቋል» በሁላችንም ቤት አንድ ይመስለኛል። አመሰግናለሁ።