ጭሱ

እሺ፣ ጀመርን። አዎ፣ ሳሞቫሩ (የሩሲያ ሻይ ማፍያው) ተጥዷል፣ ሳቃችሁን ጨርሱ። ባለፈው ስለ ሩሲያዊው ደራሲ "ከቼኾቭ ጋር ተፋታን" ማለቴም ትዝ ይለኛል። ታርቀናል።

ያልለቀቀችኝ "ጥቁሩ መነኩሴ" በተባለው ታሪኩ ውስጥ ያለችው የውርጭ ሌሊት ናት። የሩሲያ አትክልት ቦታ ሲባል ሁሉም ወደ ተውኔቱ፣ ወደ "የቼሪው አትክልት ቦታ" ይሮጣል፤ ይሩጥ። የዚህ ታሪክ አትክልተኛ የፔሶትስኪ ቦታ ግን ገነት ምናምን ከመባሉ በፊት ንግድ ነው። በዓመት ብዙ ሺህ ሩብል ንጹሕ ትርፍ ያስገባል፤ ዛፎቹ እንደ ቼዝ ሰሌዳ፣ እንደ ወታደር ሰልፍ ቆመዋል። ቼኾቭ ራሱ "አሰልቺ" ይለዋል!

እስቲ ሌሊቷን እንያት። ቼሪው አብቧል፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ደመና ሲጠፋ መሬት የቀኑን ሙቀት ወደ ላይ ትለቅና ቀዝቃዛው አየር ሥር ሥሩን ይተኛል። አበባውን ውርጭ ከመታው መሐሉ ይጠቁራል፣ በቃ፣ የዚያ ዓመት ፍሬ ቀረ። ስለዚህ ፍግና ጭድ እያጨሱ ያድራሉ። የፔሶትስኪ ልጅ ታንያ "ጭሱ የደመና ምትክ ነው" ትላለች። አባትየው ደግሞ መሬቱ ላይ ውርጭ ነው፣ ቴርሞሜትሩን በእንጨት ሁለት ሳዤን ከፍ ብታደርገው ግን ሙቀት ነው፣ ለምን? ይላል። ሁለት ሳዤን አራት ሜትር አለፍ ይላል። እንግዳቸው ኮቭሪን፣ ፍልስፍና የተማረው ሰውዬ፣ አላውቅም ብሎ ይስቃል።

እና የሚገርመው፣ ዛሬ እንደሚታወቀው ጭስ ብቻውን ሙቀት እምብዛም አያግድም። የሚረዳው እሳቱ ነው፣ ላይኛውን ሞቃት አየር ከታችኛው ስለሚያደባልቅ። ያ ሁሉ ሳል፣ ያ ሁሉ የዓይን እንባ...

ቆይ፣ የፑሽኪን ልጃገረዶች መጡብኝ። በግጥም ልብወለዱ "ኦኔጊን" ምዕራፍ 3፣ ጀግናዋ ታቲያና በፍቅር ሮጣ አግዳሚው ላይ ስትወድቅ፣ ገባር ልጃገረዶች ፍሬ እየለቀሙ ይዘፍናሉ። ለምን? ታዘው ነው፤ የሚዘፍን አፍ የጌታን ፍሬ አይበላም! እኛ ደግሞ ሊላኩን፣ የአበባውን ቁጥቋጦ ብቻ እናያለን።

ምን እያልኩ ነበር... ጭሱ። "ጥቁር፣ ወፍራም" ነው የሚለው፤ ሠራተኞቹ ውስጡ እንደ ጥላ ይንከላወሳሉ። ለኮቭሪን ብቻ የሚታየው መነኩሴ በኋላ ሲመጣስ? እንደ አውሎ ነፋስ፣ ረጅም ጥቁር ዓምድ ሆኖ። ዛፉን የሚያድነውና ሰውየውን የሚያጠፋው አንድ መልክ አላቸው። ወይ እኔ እየለጠጥኩት ነው። ምናልባት።

ግን አባትየው የሚጮኸው ለምንድን ነው? አንዱ ፈረሱን ፖም ዛፍ ላይ አጥብቆ አስሮ ቅርፊቱ በሦስት ቦታ ስለተላጠ። "ስቅላት ያንሰዋል" ይላል። ቅርፊት ዙሪያውን ከተላጠ ምግብ ወደ ሥር አይወርድም፣ ዛፉ ቀስ ብሎ ይሞታል፤ ልክ ነው ሰውየው። አጠገቡ የሚላጠውን ሰው፣ ኮቭሪንን ግን...

እሺ፣ መጨረሻው። ኮቭሪን ደም እየተፋ ሲሞት ያንን ቦታ ይጠራል፤ ጤዛ ያረፈባቸውን አበቦች። ጭሱን አይጠራም። ጤዛም ደግሞ እንደ ውርጩ ጥርት ያለ ሌሊት ነው የሚፈልገው፣ ልዩነታቸው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው፣ እና እኔ... አላውቅም። ሻዩ ፈላ።