መታወቂያው ከአፈር በታች ነው

በሰሜን ካሊፎርኒያ የኦክ ጫካ ውስጥ ከሚደረግ የእንጉዳይ ምልከታ በፊት የሚቀርብ ንግግር

እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ወደ ዛፎቹ ከመግባታችን በፊት ስለ አንድ እንጉዳይ ብቻ እንነጋገር። የሳይንስ ስሙ አማኒታ ፋሎይደስ ነው፤ እዚህ አገር ዴዝ ካፕ ይሉታል፣ የሞት ቆብ ማለት ነው። በስሙ ውስጥ ምንም ማጋነን የለም። የትውልድ አገሩ አውሮፓ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1938 በካሊፎርኒያዋ ሞንተሬይ ከተማ ተገኝቶ ተመዝግቧል። ከዚያ ወዲህ ከዚህ አገር የባሕር ዳርቻ ኦክ ዛፍ ጋር ተስማምቶ በሳን ፍራንሲስኮ ዙሪያ ባሉ ኮረብታዎች፣ በመናፈሻዎች፣ በየሰው ግቢም ይበቅላል። ከዛፉ ሥር ጋር ተጣብቆ ይኖራል፤ ስኳር ይቀበላል፣ ውኃና ማዕድን ይሰጣል። ስለዚህ ፍለጋችሁን ከዛፉ ጀምሩ። ኦክ ካያችሁ ግንዱ ሥር ብቻ አትፈልጉ፤ ሥሩ ሩቅ ስለሚሄድ እንጉዳዩም ከግንዱ ብዙ ሜትር ርቆ ሊወጣ ይችላል። ዋናው ወቅቱ ዝናቡ ከጀመረ በኋላ፣ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ነው። ሣር ውኃ በሚጠጣበት ግቢ ግን በበጋም ብቅ ይላል።

ቆቡ ከ5 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ቀለሙ ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ነው ይባላል፤ ነገር ግን በቀለም አትመኑ። ፀሐይና ዝናብ ያነጡታል፣ ነሐስ የሚመስል አለ፣ ጭራሽ ነጭ ሆኖ የሚወጣም አለ። ከቀለሙ ይልቅ የቆቡን ጠርዝ ተመልከቱ፤ መስመር የለበትም፣ ልሙጥ ነው። ከቆቡ ሥር እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩት ስስ ሽፋኖች ነጭ ናቸው፤ እንጉዳዩ ሲያረጅም ነጭነታቸውን አይለቁም፣ ከአገዳውም ጋር አይጣበቁም። አገዳው ላይ እንደ ቀሚስ የተንጠለጠለ ቀለበት አለ፤ ያ ቀለበት ግን ሊወድቅ ይችላልና አለመኖሩ ምንም አያረጋግጥም።

ወሳኙ ምልክት ከታች ነው። የአገዳው መጨረሻ ነጭ ከረጢት ውስጥ ተቀምጧል፤ እንጉዳዩ ሕፃን ሳለ ሙሉ ለሙሉ የሸፈነው ቆዳ ተቀዶ የቀረ ነው። ይህ ከረጢት አብዛኛውን ጊዜ በአፈርና በደረቅ ቅጠል ተቀብሯል። በቢላ ከአፈር በላይ የቆረጠ ሰው መታወቂያውን እዚያው ትቶ ይሄዳል። ስልክ ላይ ያለ፣ እንጉዳይን ከፎቶ የሚለይ መተግበሪያም የሚስተው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ያላየውን ከረጢት ሊያውቅ አይችልም።

ገና ቆዳው ሳይቀደድ የዶሮ እንቁላል ይመስላል። ያኔ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ሰንጥቁት፤ የቆብና የአገዳ ቅርጽ ከታየ አማኒታ ሊሆን ይችላል። የሚበላው ክብ እንጉዳይ ግን በልጅነቱ ውስጡ ወጥ ነጭ ነው፣ ምንም ቅርጽ የለበትም።

አገር ቤት በዝናብ ከኩይሳ ዙሪያ እንጉዳይ የለቀማችሁ፣ ይህን ልብ በሉ። የኩይሳው እንጉዳይ ሲቆፈር አገዳው እንደ ጭራ እየቀጠነ ወደ ምስጦቹ ቤት ይወርዳል፤ ከረጢት የለውም። እሱን የሚያሳድጉት ምስጦች ደግሞ የሚኖሩት በአፍሪካና በእስያ እንጂ እዚህ አይደለም። ስለዚህ በካሊፎርኒያ ጫካ «ይሄማ የኛው ነው» የሚባል ነጭ እንጉዳይ የለም።

ለማረጋገጥ የስፖር ዱቄቱን፣ ማለትም እንጉዳዩ እንደ ዘር የሚበትነውን ደቃቅ ዱቄት፣ አውርዱ። ቆቡን ከአገዳው ለይታችሁ፣ ሽፋኖቹ ወደ ታች ሆነው፣ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ አስቀምጡ፤ ብርጭቆ ድፉበትና አሳድሩት። ጥቁር ወረቀት የሚያስፈልገው የሞት ቆብ ዱቄት ነጭ ስለሆነ ነው፤ በነጭ ወረቀት ብቻ ያወረደ ሰው ምንም የወረደ አይመስለውም። የኩይሳው እንጉዳይ ዱቄት ወደ ሮዝ ያደላል። ነጭ ዱቄት ብቻውን መርዝ አለ ማለት አይደለም፤ ነጭ ዱቄት፣ ቀለበትና ከረጢት አንድ ላይ ሲገኙ ግን የሞት ቆብ ነው ብላችሁ ተጠንቀቁ።

ብር ማንኪያ ይጠቁራል፣ ነጭ ሽንኩርት ቀለሙን ይለውጣል፣ ቀንድ አውጣ የበላው ለሰው አይጎዳም የሚባለው ሁሉ ከንቱ ነው። መቀቀል፣ ማድረቅ፣ ማቀዝቀዝ መርዙን አያጠፋም። መንካት ግን አይጎዳም፤ እጃችሁን ታጠቡ፣ በቃ።

ሰው የሚሞኘው በመርዙ አካሄድ ነው። ከተበላ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ ዝም ይላል፤ ከዚያ ኃይለኛ ትውከትና ተቅማጥ ይመጣል። በማግስቱ ይሻላል፤ ቤተሰብ «ተረፈ» ይላል። በዚያች የፋታ ሰዓት ግን መርዙ የጉበትን ሕዋሳት ፕሮቲን እንዳይሠሩ አግዶ እየገደላቸው ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2016 በዚሁ አካባቢ 14 ሰዎች ታመው፣ 3ቱ ጉበት ተቀይሮላቸዋል። የጫካ እንጉዳይ በልቶ ለተጠራጠረ ሰው ምልክት መጠበቅ የለም፤ በ1-800-222-1222 መርዝ መቆጣጠሪያው በነፃ ይመልሳል፣ ትንፋሹ ወይም ራሱን የማወቅ ችሎታው ከታወከ ወደ ድንገተኛ እርዳታ፣ 911፣ ይደወል። የተረፈውን እንጉዳይ፣ ከቆሻሻ መጣያም ቢሆን፣ በወረቀት ከረጢት ይዞ ሆስፒታል መሄድ ነው። በፕላስቲክ ከሆነ ያልበዋል፣ ይበሰብሳል፣ የሚለየውም ሰው ይቸገራል።

ዛሬ የምንሄደው ለማየት ነው፤ በብዙ መናፈሻዎች መልቀም የተከለከለ ነው። ያልተነቀለውን በእጅ መስታወት ከሥሩ አንጸባርቃችሁ ሽፋኖቹን እዩ። ቅጠሉን በጣት ገለጥ አድርጋችሁ ከረጢቱን ፈልጉ፣ ስትጨርሱ መልሳችሁ አልብሱት። ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጡና አራት ፎቶ አንሱ፤ ከላይ፣ ከሥር፣ የአገዳውን ግርጌ፣ በመጨረሻም ከቆመበት ዛፍ ጋር። የዛፉን ዓይነትና የመጨረሻውን ዝናብ ቀን ጻፉ። ሰዎች ሁልጊዜ የሚረሱት ዛፉን ነው።

መስታወትና ማስመሪያ ያልያዛችሁ ከጠረጴዛው ውሰዱ። የመጀመሪያው ኦክ ከመኪና ማቆሚያው በስተግራ ነው።