«ለበጎ ነው» ስንል ምን እያልን ነው?

(ምስል፦ ስድስት ኪሎ፣ ማለዳ። ከጀርባ ሐውልቱ ይታያል።)

ጤና ይስጥልኝ! ዛሬ የቆምኩት የካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት ሥር ነው። በ1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ፋሺስቶች በሦስት ቀን ውስጥ በዚህ ከተማ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጁ። ከዚህ ጥቂት ራመድ ስትሉ ደግሞ ሆስፒታል አለ። ሁለቱን ቦታዎች ያዙልኝ።

ጥያቄው የቆየ ነው፤ ከግሪካዊው ኤፒኩረስ ስም ጋር ይነሳል። እግዚአብሔር ክፋትን ማጥፋት አይችልም? እንግዲያው ሁሉን ቻይ አይደለም። ይችላል ግን አይፈልግም? ታዲያ ደግነቱ የታል?

ሐውልቱ ጋ የሚቀናው መልስ ነጻ ፈቃድ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ያውቀዋል፦ እሳትና ውሃ ቀርቦልሃል፣ እጅህን ወደ ወደድከው ስደድ። በ1955 እ.ኤ.አ. ጆን ማኪ የተባለ ፈላስፋ «ሁልጊዜ በፈቃዱ ደጉን የሚመርጥ ሰው ለምን አልፈጠረም?» ብሎ ሞገተ። አልቪን ፕላንቲንጋ የተባለ ሌላ ፈላስፋ ደግሞ መለሰ፦ ወዶ እንዲመርጥ ተገደደ ማለት ራሱን ያፈርሳል፤ ሁሉን ቻይ የሆነውም እንኳ እንዲህ ያለ ነገር ማድረግ አይችልም። እኔን ይህ መልስ ያሳምነኛል። እዚህ ቦታ ላይ ማለቴ ነው።

(ምስል፦ የሆስፒታል በር፣ ወረፋ የያዙ እናቶች።)

እዚህ ስንደርስ ግን መልሱ አንደበቱ ይታሰራል። የደም ካንሰር የያዘው ሕፃን የማንን ፈቃድ እየከፈለ ነው?

ቅዱስ አውግስጢኖስ ክፋት ራሱን የቻለ ነገር አይደለም፣ የበጎ ነገር መጉደል ነው ይላል፤ ጨለማ የብርሃን አለመኖር እንደሆነው። ጥርሱን ሌሊቱን ሙሉ ያመመው ሰው ጋ ሄዳችሁ ይህን ሞክሩት።

ጀርመናዊው ላይብኒዝ በ1710 እ.ኤ.አ. ይህ ዓለም ሊኖሩ ከሚችሉት ዓለማት ሁሉ የተሻለው ነው አለ። የኛው «ለበጎ ነው» ማለት ነው፣ በሒሳብ ሊቅ አፍ ሲነገር። በ1755፣ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ቀን ጠዋት፣ የፖርቱጋል ዋና ከተማ ሊዝበን በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች። ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ከዚያ ወዲህ የላይብኒዝን ቃል ደፍሮ መናገር ከበደ።

እኔ ግን ደፍሬዋለሁ። አንድ ለቅሶ ቤት፣ ልጇ የሞተባትን እናት «አይዞሽ፣ ለበጎ ነው» አልኳት። ቀና ብላ «ለማን?» አለችኝ።

ፈላስፋው ጆን ሂክ በ1966 እ.ኤ.አ. ዓለም ነፍስ የምትበስልበት ቦታ ናት አለ። መከራ የማያውቅ ሰው ርኅራኄን ከየት ይማራል? እውነት አለው፤ መከራ ያበሰላቸውን ሰዎች አውቃለሁ። የሦስት ቀን ሕፃን ግን ምን በስሎ ሄደ? ሂክ ራሱ ብስለቱ ከሞት በኋላም ይቀጥላል ይላል፤ ያ ግን ከፍልስፍና ይልቅ ተስፋ ነው።

(ምስል፦ የለቅሶ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮች።)

የኢዮብን ወዳጆች አስታወሳችኋቸው? መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ፤ አንድ ቃል የተነፈሰ የለም። ከዚያ አፋቸውን ከፍተው ምክንያት መደርደር ጀመሩ። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በጠያቂው በኢዮብ ሳይሆን በእነሱ ነው።

ሰባት ቀን! እኔ ያን ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልታገስኩም።