ዝልግልጉን አይታችሁ አታጨብጭቡ

የተከበራችሁ የስኳር ላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ የማይክሮባዮሎጂ መምህራንና ተመራቂ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ ባክቴሪያ ለኢንዱስትሪና ለሕክምና የሚሠራቸው ፖሊሳካራይዶች፣ ማለትም ከስኳር የተቀጣጠሉ ረጃጅም ሰንሰለቶች፣ የሚል ነው። ሰፊ ነው። እኔ ግን ሰዓቴን ከእነሱ በአንዱ፣ ከግሉኮስ በሚሠራው ዝልግልግ በዴክስትራን ላይ ልጨርሰው ነው፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ግማሾቻችሁ ስትረግሙት የኖራችሁ፣ ግማሾቻችሁ ደግሞ ልታመርቱት የምትመኙ ናችሁና። ለሁለታችሁም ባክቴሪያው አንድ ነው፤ ሊኮኖስቶክ ሜዘንተሮይደስ። ባዕድ አይደለም፤ ቆጮ መብላላት ሲጀምር ቀድመው ከሚነሡት ውስጥ ነው።

ከረጋሚዎቹ ልነሣ። አገዳ ተቃጥሎና ተቆርጦ ማሳ ላይ ሲያድር ባክቴሪያው በቁስሉ ይገባል። ዴክስትራንሱክሬዝ የተባለውን ኤንዛይም ወደ ውጭ ይለቃል፤ ኤንዛይሙ ሱክሮስን፣ ማለትም ተራውን ስኳር፣ ለሁለት ይሰነጥቅና ግሉኮሱን እየቀጣጠለ ሰንሰለት ይሠራል፣ ፍሩክቶሱን ይተወዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፦ ጭማቂው ይወፍራል፣ ማጣሪያው ይዘጋል፣ የስኳሩ ቅንጣት እንደ መርፌ ይረዝማል።

የማይወራው ፖላሪሜትሩን፣ ስኳርን በብርሃን መዞር የሚለካውን መሣሪያ፣ ማሳሳቱ ነው። ሱክሮስ ብርሃንን ወደ ቀኝ የሚያዞርበት ልክ 66.5 ሲሆን የዴክስትራን 200 ገደማ ነው። ስለዚህ በጭማቂው ውስጥ ያለ አንድ ግራም ዴክስትራን ሦስት ግራም ስኳር መስሎ ይነበባል። አገዳው በተበላሸ ቁጥር ፖሉ፣ ማለትም የመሣሪያው የስኳር ንባብ፣ ያምርበታል ማለት ነው! ወሩ ሲዘጋ ጉድለቱ «ያልታወቀ ብክነት» ተብሎ ይመዘገባል። ምኑ ነው ያልታወቀው? የታወቀ ነው፤ የጠፋው የለካው ሰው ነው።

አሁን ወደ ተመኚዎቹ። ጥናቶቻችሁን አነባለሁ። ናሙና ይሰበሰባል፣ ሱክሮስ በበዛበት አጋር (ባክቴሪያ ማሳደጊያ ጄል) ላይ ይዘራል፣ ዝልግልግ ያለ የባክቴሪያ ክምር ይወጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ «ተስፋ ሰጪ» ተብሎ ይደመደማል። እሱማ ፓስተር በ1861 እ.ኤ.አ. ያየው ነው! ወይን ጠጅ ሲዝለገለግ አይቶ ከረቂቅ ተሕዋስያን ጋር ካያያዘው ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ሆነው። አሊን ጂንስ በአሜሪካ፣ በፒዮሪያ ከተማ የግብርና ላቦራቶሪ ውስጥ የሠራችውን ተመልከቱ። ከአንድ የለስላሳ መጠጥ አምራች የወፈረ፣ የተበላሸ መጠጥ መጣላት። እሷ «ዝልግልግ አገኘሁ» ብላ አልተቀመጠችም። ባክቴሪያውን ለየች፣ ሰንሰለቱን መረመረች፤ ከዚያ ሥራ የተነሣው ዝርያ ዛሬም ቢ-512ኤፍ ተብሎ ዴክስትራን ይመረትበታል። የእኛ የቃኘው ልጆች በዘመቱበት በኮሪያ ጦርነት ጊዜም ዴክስትራን ደም ለፈሰሰው ሰው የደሙን መጠን መሙያ ሆኖ ገብቷል።

ሥራው ያለው ከፔትሪው ሳህን በኋላ ነው። ማሳደጉ ቀላል ነው፦ 10 በመቶ ሱክሮስ፣ የእርሾ ጭማቂ፣ ፎስፌት፣ 25 ዲግሪ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን፤ አየር መንፋትም አያስፈልግም። ፒኤቹ ከ7 ተነሥቶ ወደ 5 ይወርዳል፤ ኤንዛይሙ የሚወደው እዚያ አካባቢ ነው፣ ከዚያ አብዝቶ ከወረደ ይዳከማል። ምርቱንም በምኞት አታስሉት። ከ342 ግራም ሱክሮስ 162ቱ ብቻ ነው ዴክስትራን መሆን የሚችለው፣ ቀሪው 180 ፍሩክቶስ ነው። ከመቶ ኪሎ ስኳር 47 ኪሎ ጣሪያው ነው፤ 60 አገኘሁ የሚለኝ ሰው ውኃ እየመዘነ ነው።

አልኮል ሲጨመርበት እንደ ሙጫ ተጠቅልሎ ይወርዳል። ያ ገና መድኃኒት አይደለም። ሞለኪውሉ በሚሊዮኖች ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) የሚመዘን ነው፤ ደም ሥር ቢገባ ቀይ የደም ሴሎችን ያጣብቃል። ከመጠን በላይ ካነሰ ደግሞ ሳይቆይ በሽንት ይወጣል። የሚፈለገው 70,000 ወይም 40,000 አካባቢ ነው። ስለዚህ በአሲድ፣ ወደ 100 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ይቆራረጣል፤ ውፍረቱ እየተለካ ልክ ላይ ሲደርስ አሲዱን በሚሽር ሶዳ ይቆማል። ካሳለፋችሁት መመለሻ የለውም፣ የደቀቀው አይቀጠልም። ቀጥሎ አልኮል ቀስ በቀስ ይገባል፦ ትልልቁ ቀድሞ ይወርዳል፣ መካከለኛው ይያዛል፣ ትንንሹ ይደፋል። ሙቀቱ ከተዋዠቀ ሁሉም ተደባልቆ ይወርዳል፣ እንደገና ትጀምራላችሁ።

ውኃውስ? ባክቴሪያችን ራሱ ኢንዶቶክሲን (ትኩሳት የሚያመጣ የባክቴሪያ መርዝ) የለውም፤ በቆሸሸ ውኃ የሚገቡት ግን አላቸው። በ121 ዲግሪ የተቀቀለ የመርፌ መድኃኒት ጀርም ባይኖረውም በሽተኛውን ሊያንቀጠቅጥ ይችላል፤ ኢንዶቶክሲን በዚያ ሙቀት አይጠፋምና። የብርጭቆ ዕቃውን በደረቅ 250 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ማቃጠል ነው።

ዛሬ በብዙ ቦታ ዴክስትራንን ጨዋማ ፈሳሾች ተክተውታል፣ ልክም ነው፤ አለርጂው ቀላል አይደለም። በሚሰጥበት ቦታ ግን የደም ዓይነት መለያ ናሙና አስቀድሞ ይቀዳ፤ በኋላ ከሆነ ሴሎቹ ተጣብቀው ምርመራውን ያምታታሉ።

ምግብ ስለሚያወፍረው ሌላ የባክቴሪያ ፖሊሳካራይድ፣ ስለ ዛንታን፣ ሁለት ቃል፣ ሰዓት ጠባቂው እያየኝ ነው። የሚሠራው ባክቴሪያ ዛንቶሞናስ ከሊኮኖስቶክ በተቃራኒ ያለ አየር አይሠራም፤ ፈሳሹ በወፈረ ቁጥር ግን አየሩ አይደርሰውም። ማማሰያው አጠገብ ያለው ሲዞር ግድግዳው ጋ ያለው እንደ ረጋ ይቀራል፣ እዚያ ያለው ባክቴሪያ ታፍኖ ሥራ ያቆማል። ማማሰያችሁን ሳትመርጡ ዝርያ አትምረጡ። ዱቄቱን ገዝታችሁ ወጥ ማባያ ወይም ግሉተን የሌለው ዳቦ ለምትሠሩ ደግሞ፦ ውኃ ላይ አትበትኑት፣ ይጓጉላል፤ በደረቁ ከስኳር ጋር አዋሕዱት ወይም በዘይት አሹት፣ ከዚያ ውኃው ይግባ። ከግማሽ በመቶ በታች ይበቃል።

አመሰግናለሁ።