ባትሪው ይሞታል ላላችሁኝ ሁሉ

(በሰሜን ቨርጂኒያ በሹፌሮች የእቁብ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ለመናገር የተዘጋጀ)

እንደምን ዋላችሁ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ። የእቁባችን ሰብሳቢ "ስለ ወጪ ቁጠባ አስራ አምስት ደቂቃ ተናገርልን" ብሎኝ ነው የቆምኩት። ስለ ታክስም ስለ ኢንሹራንስም ስለ ጎማም ጽፌ መጥቻለሁ፣ ወረቀቱ ይኸው ሦስት ገጽ ነው፣ ግን አልዋሻችሁም፣ እኔ የመጣሁት ለአንድ ነገር ነው። ሃይብሪድ መኪና፣ ቤንዚንና ባትሪ አጣምሮ የሚሄደው። ገና ስሙን ስጠራ ከኋላ የሳቃችሁትን አይቻችኋለሁ፣ ቆዩ እደርስባችኋለሁ።

እኛ አዲስ ነገር ላይ እንዴት እንደሆንን እንተዋወቃለን። ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ በሜትር ሳይሆን በዞን በሚያስከፍልበት ዘመን ካርታውን ከኋላ ወንበር ፊት ለጥፈን ከፈረንጅ ጋር "ይሄ ሁለት ዞን ነው፣ አይ ሦስት ነው" እያልን ስንጨቃጨቅ ያደርን ሰዎች ነን። ሜትር ይገባል ሲባል አለቀልን ብለን ስራ አቆምን፣ በፈረንጅ 2008 ገባ፣ ከዓመት በኋላ ያለ ሜትር እንዴት እንደምንሰራ ራሱ ረሳነው። በ2013 መኪናችሁን ቀይ ቀቡ ሲሉን ተሳደብን፣ ቀባን። ኡበር ሲመጣ "የልጆች ጨዋታ ነው፣ ስድስት ወር አይቆይም" ያላችሁኝ ሰዎች አሁን እዚህ ተቀምጣችሁ ስልካችሁ ላይ ኦን ላይን ናችሁ። አዎ እያየሁህ ነው። እምቢ ማለት ነውር አይደለም፣ በእኛ በ66 የካቲት የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር አዲስ አበባ ላይ ስራ አቁሞ ንጉሡን ያስደነገጠው ታክሲ ነጂ ነው። የሚገርመኝ በቤንዚን ዋጋ ዙፋን የነቀነቀ ህዝብ ልጅ እዚህ መጥቶ ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ሞተር አስነስቶ ቆሞ ቤንዚን ሲያቃጥል ምንም አለመቆጨቱ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል።

በ2008 በጋ ላይ ቤንዚን፣ እዚህ ጋዝ የምንለው፣ በጋሎን ከ4 ዶላር አልፎ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እኔ ያቺን የፖሊስ የነበረች ክራውን ቪክቶሪያዬን እነዳለሁ፣ 4.6 ሊትር፣ ቪ8፣ ወንበሯ ሶፋ፣ ሻንጣ ማስቀመጫዋ ውስጥ ሰው ይተኛበታል፣ ከተማ ውስጥ ግን በአንድ ጋሎን አስራ አምስት ማይል ከሄደች እግዜር ይስጣት ነው። በዚያው ዓመት አርሊንግተን ላይ ኢንቫይሮካብ የሚባል መኪናው በሙሉ ሃይብሪድ የሆነ የታክሲ ድርጅት ስራ ጀመረ፣ ሰልፍ ላይ አጠገባችን ሲቆሙ "አሻንጉሊቶቹ መጡ" እንል ነበር። ብለናል፣ አንካድ። ታዲያ ገና ሲደርስ ጋዝ ከ2 ዶላር በታች ወረደ፣ የሃይብሪድም ገበያ ቀዘቀዘ፣ አንዲት አስተማሪ የቶዮታ ሃይብሪድ የሆነች 2005 ፕሪየሷን በደህና ዋጋ ልትሸጥልኝ ተስማማን። ቀብድ ልሰጥ አንድ ቀን ሲቀረኝ ምን አለ አርፌ ብቀመጥ፣ ቡና ልጠጣ ብዬ ኮሎምቢያ ፓይክ ሄድኩ።

ሰባት ሰው ነበር ጠረጴዛው ላይ። ፕሪየስ ልገዛ ነው አልኩ። ወይ ጉዴ! አንዱ "ባትሪው በሦስት ዓመት ይሞታል፣ ስድስት ሺህ ዶላር ነው" አለ። አንዱ "ዝናብ ሲነካው ይነዝራል" አለ። አንዱ "የሴት መኪና ነው" አለ (እህቶቼ ይቅርታ፣ ያኔ እናንተ ሰልፉ ላይ ሦስት ብቻ ነበራችሁ፣ አሁን እዚህ ቢላት ጉዱን ያይ ነበር)። አንዱ ደግሞ የአጎቱ ልጅ ጓደኛ አትላንታ ላይ ሃይዌይ መሀል ቆሞበት ሊሞት ነበር አለ። እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጡት ጋሼ፣ ስማቸውን አልጠራም፣ እሳቸው ራሳቸውን ያውቃሉ፣ "ልጄ፣ የሞባይልህ ባትሪ በሁለት ዓመት ይሞት የለም ወይ፣ የመኪናውማ እንዴት ይሁን" አሉኝ። ይሄኛው ገባኝ። እውነት መሰለኝ። ከሰባቱ አንድም ሃይብሪድ የነዳ ሰው እንደሌለ ግን አልጠየቅኩም! ሰባት ሃኪም፣ በሽተኛውን ያየ የለም! በማግስቱ ለሴትየዋ ደውዬ ትቼዋለሁ አልኳት፣ ሌላ የፖሊስ ክራውን ቪክቶሪያ ገዛሁ።

አሁን ሂሳቡን ስሙኝ፣ ስልካችሁን አውጡና አብራችሁኝ ደምሩ። በቀን 150 ማይል። በአስራ አምስት ስታካፍሉት አስር ጋሎን። ፕሪየስ ከተማ ውስጥ ዝቅ አድርገን 45 እንበለው፣ ሦስት ጋሎን ከትንሽ። ልዩነቱ ስድስት ጋሎን ተኩል ከምናምን ነው። ጋዙን 3 ዶላር እንያዘው፣ በእነዚያ ዓመታት ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ነበር። በቀን ሃያ ዶላር። በዓመት 300 ቀን፣ ስድስት ሺህ። ያቺን መኪና ከ2009 መጀመሪያ እስከ 2014 መጨረሻ ስድስት ዓመት ነዳኋት። ሰላሳ ስድስት ሺህ ዶላር! የቤት ዳውን ፔይመንት በጭስ ማውጫ አወጣሁት። ባትሪው ስድስት ሺህ ዶላር ነው ብሎ ያስፈራራኝ ሰው እውነቱን ቢሆን እንኳን ስድስት ባትሪ እገዛበት ነበር። ስድስት! እሱ ደግሞ ቡናውን እንኳን እኔ ነኝ የከፈልኩለት።

እንዴት ነቃሁ? በአንድ የካቲት ሌሊት ሬገን ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ነኝ፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ሞተር አስነስቼ ሂተር ለቅቄ ቆሜአለሁ። ቪ8 ቆሞም ይጠጣል፣ በሰዓት ወደ ግማሽ ጋሎን። ፊቴ ያለው ፓኪስታናዊ ፕሪየሱ ውስጥ ጋቢ በመሰለ ነገር ተጠቅልሎ ተኝቷል። መኪናው ጸጥ። ከቆይታ በኋላ ሞተሯ ትነሳና ትንሽ ሰርታ ትጠፋለች፣ ሰውየው አልነቃም። እንደገና ጸጥ። ወርጄ እጄን ኮፈኑ ላይ አደረግኩ፣ እሱ ደንግጦ ተነሳ፣ ሌባ መስዬው። ይቅርታ ጠይቄ ስንት ትሞላለህ አልኩት። "ትናንት 18 ዶላር ሞላሁ፣ እስከ ነገ ያደርሰኛል" አለኝ። እኔ ያን ዕለት ጠዋት 40 ሞልቼ ወጥቻለሁ። መኪናዬ ተመልሼ ገባሁና ሞተሯን አጠፋኋት። በብርድ ተቀመጥኩ። በንዴት።

2010 ፕሪየስ ገዛሁ፣ 71 ሺህ ማይል የሄደች። የመጀመሪያዋን ሳምንት ጠፍታለች ብዬ ሳላጠፋት ወደ ቤት የገባሁት ሁለቴ ነው፣ ካልተንኮሻኮሸ የሚሰራ አይመስለንም እኮ።

ደግሞ ባትሪ መብራት አልበራብኝም አልልም። 178 ሺህ ማይል ላይ፣ 395 ሃይዌይ ላይ እያለሁ ዳሽቦርዱ የገና ዛፍ ሆነ። ልቤ ወረደ፣ ጋሼ ትዝ አሉኝ። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፣ የማን እንደሆነ አልናገርም፣ ሰውየው ኮምፒውተሩን ሰክቶ ምንም ሳይከፍት "ባትሪው ሞቷል፣ አራት ሺህ ሁለት መቶ" አለኝ። ሳይከፍት! አንድ የኛ ልጅ ጋ ወሰድኳት፣ የኋላ ወንበሩ ጎን ያለችውን ክዳን በካቻቢቴ ፈታ፣ ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ በአቧራና በውሻ ጸጉር ታፍኗል። ባትሪው ሞቆት ነው እንጂ አልሞተም። አጸዳው፣ መብራቱ ጠፋ፣ 80 ዶላር። ስሙኝ አሁን፣ የሃይብሪድ ባትሪ ከምንም በላይ የሚገድለው ሙቀት ነው፣ ያቺን ማራገቢያ በዓመት ሁለቴ አጽዱ፣ ተሳፋሪ ጃኬቱን አየር መሳቢያዋ ላይ ሲጥል አንሱት። ይሄን ሚስጥር አድርጎ አራት ሺህ ዶላር የሚጠራ መካኒክ መካኒክ አይደለም፣ ኪስ አውላቂ ነው! በሐበሻም ይሁን በፈረንጅ!

241 ሺህ ላይ የእውነት ሞተች። አዲስ ባትሪ ከነ እጅ ስራው 2,300 ዶላር ወጣብኝ፣ አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በጋዝ መልሻለሁ። ዕቃ እየሞከረ የሚመዝነው የአሜሪካ መጽሔት ኮንስዩመር ሪፖርትስ በ2011 ከ200 ሺህ ማይል በላይ የሄደች 2002 ፕሪየስ ከነዋናው ባትሪዋ ሞክሮ በጋሎን 40.4 ማይል አገኘ፣ ከአስር ዓመት በፊት የለካት ሌላ አዲስ 2001 ፕሪየስ 40.6 ነበረች። ጋሼ፣ የሞባይል ባትሪ እኛ እስከ ዜሮ አድርሰን እስከ መቶ እንሞላዋለን፣ ይሄኛውን ኮምፒውተሩ እንዲህ አያደርገውም፣ መሀል ላይ ነው የሚያቆየው፣ ለዛ ነው የሚበረክተው። ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ ቶዮታ ለባትሪው 10 ዓመት ወይም 150 ሺህ ማይል ዋስትና ይሰጣል፣ ለታክሲ እንዴት እንደሚሰራ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ ብቻ።

ለምን ከተማ ውስጥ ይሻላል ለምትሉኝ፣ በተራ መኪና ፍሬን በረገጣችሁ ቁጥር ያቃጠላችሁት ጋዝ የፍሬን ሸራ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሃይብሪድ ላይ ኤሌክትሪክ ሞተሩ ዞሮ ጄኔሬተር ይሆንና ያንን ወደ ባትሪ ይመልሰዋል። 14ኛ መንገድ ድልድይ ላይ በፈረንጅ አምስት ሰዓት ከሰዓት በኋላ ስትንፏቀቁ እናንተ ትበግናላችሁ፣ እኔ አብዛኛውን በባትሪ ነው የምሳበው። የፍሬን ሸራዬን በ100 ሺህ ማይል አንዴ ቀየርኩ። ሞተሪኖ የለውም፣ ዲናሞ የለውም፣ ካምቢዮው ውስጥ እንደምናውቀው አይነት ፍሪሲዮን የለውም። የሌለ ነገር አይበላሽም።

ጉዳቱንም ልንገራችሁ፣ በኋላ ዋሸን እንዳትሉኝ። ከ2010 እስከ 2015 ያለውን ፕሪየስ ስትገዙ ሞተሩን በደንብ አስመርምሩ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ሞተሩን የሚያሽገው፣ የሚበላበት አለ፣ ራዲያተሩ ውሃ የሚቀንስ ከሆነ አትንኩት። የጭስ ማጣሪያውን፣ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን፣ ሌሊት በመጋዝ ቆርጠው የሚወስዱ ሌቦች በተለይ የ2004 እስከ 2009 ፕሪየስ ይወዳሉ፣ ብረት ሽፋን አስገጥሙ። ክረምት ላይ ሂተር ስለሚፈልግ ሞተሩ ቶሎ ቶሎ ይነሳል፣ ማይሉ ይወርዳል። ስራችሁ ሁልጊዜ ረጅም ሃይዌይ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ ይጠባል፣ ለሪችመንድ ብቻ የምትነዳ ሰው አታስጨንቀኝ።

ትልቅ መኪና ነው የምፈልገው ላላችሁት ሲየና ከ2021 ጀምሮ ሃይብሪድ ብቻ ነው፣ ሰባት ሰውና ሻንጣ ጭኖ በወረቀት 36 ማይል፣ የድሮው ቪ6 ሃያ ቤት ነበር። ካምሪም ከ2025 ሞዴል ወዲህ ያለ ሃይብሪድ አይመጣም። እናንተ እዚህ ስትከራከሩ ቶዮታ ወስኖላችሁ ጨርሷል። ሙሉ ኤሌክትሪክስ ላለኝ፣ ቤትህ ቻርጀር ካለህ ግዛ፣ እኔ አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ነኝ፣ ገመድ በመስኮት አላወርድም።

ታክስ፣ አዎ ወረቀቱ ላይ አለ። ማይላችሁን በየቀኑ ጻፉ። ኢንሹራንስ በየዓመቱ ዋጋ ጠይቁ። ጎማ፣ ነፋሱን በወር አንዴ ለኩ። በቃ፣ ሰብሳቢው ሰዓቱን እያሳየኝ ነው።

መኪናዬ በሩ ላይ ቆማለች፣ ያቺው 2010፣ አሁን 312 ሺህ ላይ ናት። ቁልፉ ይኸውና፣ የፈለገ አንድ ዙር ይንዳት፣ ካቻቢቴም ይዣለሁ፣ ማራገቢያዋ የት እንዳለች ከፍቼ አሳያችኋለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ፣ ብርዱ ነው፣ ኮትዎን ይልበሱ።