የናፈቃቸው ዱላው አይደለም

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። የምኖረው በሜልበርን ምዕራባዊ ሰፈር፣ በፉትስክሬይ ነው። ብዙ ሐበሾች በርበሬና ቡና የምንሸምተው፣ ለሠርግም ለለቅሶም የምንጠራራው በዚሁ ሰፈር ነው። የአካባቢው ሰዎች «ፉቲ» የሚሉት፣ በእጅም በእግርም የሚጫወቱት የአውስትራሊያውያን እግር ኳስ እስከ 1997 ድረስ በወንዶች ዋና ሊግ ይካሄድበት የነበረው ዊተን ኦቫልም ከእኛ ሰፈር አይርቅም። ዘመኑን የምቆጥረው እንደ ፈረንጆቹ ነው።

ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አውስትራሊያዊ አዛውንት ስለዚህ ጨዋታ ሲያወሩ «ድሮ ወንዶች ነበሩ» ይላሉ። የዛሬው ዳኛ ገና ሳይነካኩ ፊሽካ ይነፋል ብለው ያዝናሉ። አንድ ምሽት የ1989ን የዋንጫ ፍጻሜ በቪዲዮ አሳዩኝ፤ ሐውቶርን ከጂሎንግ የተጋጠሙበት ነው። ኳሱ መሬት ነጥሮ ጨዋታው ሲጀመር፣ የጂሎንጉ ማርክ የትስ ከሩቅ ተንደርድሮ መጥቶ ደርሞት ብሬርተንን በሙሉ ሰውነቱ መታው። ብሬርተን ጎድኑ ተሰብሮ ነበር። ወገቡን አጥፎ ሲያስመልሰው፣ ረዳቶች ሊያወጡት ሲሞክሩ እምቢ ሲል ይታያል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ከግቡ ፊት ለፊት ኳሷን ቀለባትና አስቆጠረ። የቡድን ጓደኛው ሮበርት ዲፒየርዶሜኒኮ ሳንባው ተበስቶ ተጫወተ፤ በተቃራኒው ወገን ጋሪ አብሌት ብቻውን 9 ግብ አገባ፤ አንድ ግብ ስድስት ነጥብ ነውና፣ ሐውቶርንም በነጥብ 144 ለ138 አሸነፈ።

ያን ምሽት ልብ ያልኩት ነገር አለ። አዛውንቱ ቪዲዮውን ደጋግመው የመለሱት ምቱ ያረፈበት ቦታ ላይ ሳይሆን፣ ብሬርተን ቀና ብሎ ኳሷን የቀለበበት ቦታ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ናፍቆታቸውን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። የቅዳሜ ከሰዓቱን፣ ከአባታቸው ጋር አጥሩን ተደግፈው የቆሙበትን፣ የተጫዋቹ ትንፋሽ እስኪሰማ ድረስ የሚቀርቡበትን የሰፈር ሜዳ ያጡ ሰው ናቸው፤ ያን ሁሉ ጠቅልለው የሚጠሩበት ስም ግን «ጥንካሬ» ሆነባቸው።

ያ ዘመን ያስከፈለውን ዋጋ ግን ልሸፍነው አልችልም። በ1985 ሊ ማቲውስ ኳሱ በሌለበት ኔቪል ብረንስን መትቶ መንጋጋውን በመስበሩ ፖሊስ ከስሶታል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ያን ዕለት ያልታየው ጉዳት ነው። በ2019 ያረፈው ታላቁ ግራሃም ፋርመር፣ በዚያው ዓመት የሞተው ዳኒ ፍሮሊ፣ በ2020 የተለየን ሼን ታክ፣ አንጎላቸው ከሞቱ በኋላ ሲመረመር ተደጋጋሚ ምት የሚያመጣው ሲቲኢ የተባለው በሽታ ተገኝቶባቸዋል። ሕመሙን ከእነሱ ጋር በየቤቱ የኖሩት ሚስቶችና ልጆች ነበሩ።

እንደ ጥቁር ሰውም የምለው አለኝ። ያ የሚናፈቀው አጥር ሁሉንም በእኩል አላቀፈም። በ1993 በቪክቶሪያ ፓርክ ሜዳ፣ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ ልጅ የሆነው ተጫዋች ኒኪ ዊንማር ቀኑን ሙሉ በቆዳው ሲሰደብ ውሎ፣ ቡድኑ ካሸነፈ በኋላ ማሊያውን ገልጦ ጥቁር ሆዱን በጣቱ አመለከተ። ሰባራ ጎድን ይዞ ከመጫወት የሚያንስ ጀግንነት አይደለም፤ ለእኔ እንዲያውም ይበልጣል። ይህንን ለአዛውንቱ ስነግራቸው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያም «እኔም አጥሩ ጋ ነበርኩ» አሉኝ፤ ከዚያ ወዲያ አልጨመሩም።

ባለፈው ወር የልጅ ልጃቸው በልጆች ግጥሚያ ራሱን ተመትቶ ወደቀ። ተነሥቶ «ደህና ነኝ፣ ልግባ» እያለ ሲያለቅስ እጁን ይዘው ከሜዳ ያወጡት እሳቸው ናቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጁን ከጎናቸው አስቀምጠው፣ ትከሻውን አቅፈው፣ የጓደኞቹን ጨዋታ አብረው ከዳር ተመለከቱ።