ባትሪው ይቆይ፣ ፍሬኑ ይቅደም፦ ስለ አሮጌ ፒክአፕ እድሳት የአድማጮች ጥያቄና መልስ

አሮጌ ፒክአፕ ገዝተው ወይም ወርሰው በገዛ እጃቸው ሊያድሱ ከተነሱ አድማጮች ጥያቄዎች ደርሰውናል። አሳጥረን አቅርበናቸዋል፤ መልሱ የመካኒካችን ነው።

ጥያቄ፦ "የአባቴ ፒክአፕ ብዙ ዓመት ቆማ አሁን ለእኔ ደርሳለች። በቤንዚን የምትሠራ፣ ባለ ካርቡሬተር ናት። አዲስ ባትሪ ገዝቻለሁ፤ ቅዳሜ ላስነሳት ነው። ሌላ ምን ያስፈልገኛል?"

መልስ፦ ቅዳሜን ብታሳልፈው ይሻላል። ሰው የቆመ ሞተር "አልነሳም" እንዳይለው ይፈራል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ሳይዘጋጅ መነሳቱ ነው። ዘይቱ ተንጠፍጥፎ ወደ ታች ወርዷል፣ የሲሊንደሩ ግድግዳ ደርቋል፣ ምናልባትም የፒስተኑ ሪንግ በስሱ ዝጎ ተጣብቋል። ሞተሪኖው (ማስነሻው) በድንገት ሲያዞረው ሪንጉ ሊሰበር፣ ሲሊንደሩም ሊጫር ይችላል።

ስለዚህ ባትሪውን ሳትገጥም ካንዴላዎቹን በሙሉ ፍታ። ከመፍታትህ በፊት ዙሪያቸውን በደንብ አጽዳ፤ አለዚያ የተጠራቀመው አሸዋ ቀጥ ብሎ ወደ ውስጥ ይገባል። በየቀዳዳው ጥቂት የሞተር ዘይት አፍስስና አሳድረው። በማግስቱ ማርሹን ፎሌ ላይ አድርግ፣ ከፊት ባለው የፑሌጃ ቡሎን ላይ ቁልፍ አስገባና ሞተሩን በእጅህ ቀስ እያልክ አዙር። ሁለት ሙሉ ዙር ከዞረልህ እሰየው። እምቢ ካለ ቁልፉ ላይ ቧንቧ ቀጥለህ አትታገለው፤ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጨምረህ ቀናት ስጠው። ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) የሚያዞረው ሰንሰለት ሳይሆን የጎማ ቺንጋ ከሆነ ደግሞ ሳትቀይረው እንዳታስነሳ። ቺንጋው ቆሞም ያረጃል፤ ሲበጠስ በብዙ ሞተሮች ላይ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ፣ ያኔ ጥገናው ሌላ ነው።

ቀጥሎ ነዳጁ። የቆየ ቤንዚን ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸታል፤ ሲደርቅ የሚተወው ሙጫ የካርቡሬተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ታንከሩን አራግፍ፣ ውስጡን በእጅ ባትሪ አብርተህ እይ፣ ማጣሪያውን ቀይር፣ ካርቡሬተሩን ፈተህ እጠብ። የአየር ማጣሪያውን ሳጥንና የጭስ ማውጫውንም ተመልከት። አይጥ እዚያ ውስጥ መኖሪያ መሥራት እንዴት እንደሚወድ መካኒክ ሁሉ ያውቃል።

ዘይቱንና የዘይት ማጣሪያውን ለውጥ፣ ራዲያተሩን ሙላ፣ አሁን ባትሪህን ግጠም። ካንዴላዎቹ ግን ገና አይገጠሙ። ብልጭታ እንዳይኖር የቦቢናውን (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) ቀጭን ሽቦ ነቅለህ፣ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ ድረስ በሞተሪኖው አጠር አጠር አድርገህ አዙር፤ በየመሃሉም አሳርፈው። በዚህ መንገድ ዘይቱ ሸክም ሳይኖር የሞተሩ ዘንግ የሚዞርባቸው ኩሽኔታዎች ዘንድ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ካንዴላውን አስረህ ማስነሳት ትችላለህ።

ሲነሳ ጭሱን እይ። መጀመሪያ ላይ የሚወጣው ሰማያዊ ጭስ አንተው የጨመርከው ዘይት ነውና አትደንግጥ። ሞቆም ሰማያዊው ከቀጠለ ሪንግ ወይም የቫልቭ ጎሚኒ ጠርጥር። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል፤ ብዙ ጊዜ ቾኩ ተጣብቆ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ወፍራም ነጭ ጭስ ካየህና የራዲያተሩ ውኃ እየቀነሰ ከሄደ ግን አጥፋው፤ በሞተሩና በላይኛው ክዳኑ (ቴስታታው) መሃል ያለው ጓርኒሲዮን ሳይሄድ አይቀርም።

ከግቢ ከመውጣትህ በፊት ደግሞ ጎማው። ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አሃዞች አንብብ፤ 1716 ካለ በ2016 በ17ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ጎማ ያረጃል።

ጥያቄ፦ "ፍሬኑን ስረግጠው ወለሉ ድረስ ይገባል፤ ደጋግሜ ስረግጠው ግን ይመለሳል። ጎረቤቴ 'ዘይት ጨምሪበትና ንጂ' አለኝ።"

መልስ፦ እህቴ፣ ጎረቤትሽ የሞተር ዘይት መስሎት ይሆናል። የፍሬን ዘይት እየነደደ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ሸራው (እየተፋተገ መኪናውን የሚያቆመው ክፍል) ሲያልቅ የዘይቱ መጠን በጥቂቱ ዝቅ ይላል፤ ከዚያ በላይ ከጎደለ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው።

እግርሽ ራሱ ብዙ ይነግርሻል። ሁለት ሦስት ጊዜ ረግጠሽ ከጠነከረና ጠንክሮ ከቆየ፣ የኋላው የታምቡር ሸራ ከታምቡሩ ርቋል፤ ማስተካከል ያስፈልገዋል። እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ አየር ገብቷል። ጸንተሽ ረግጠሽ ይዘሽው ቀስ እያለ ከሰመጠ ደግሞ ወይ ፍሳሽ አለ፣ ወይ የዋናው ፖምፓ ጎሚኒ ውስጥ ለውስጥ እያሳለፈ ነው፤ የኋለኛው ከሆነ ውጭ ላይ ጠብታ አታዪም። ታምቡሮቹን አውልቀሽ በየጎማው ያሉትን ትናንሽ ፖምፓዎች ተመልከቺ። የአሮጌ መኪና ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራውን በአየር አትንፊው፤ አርጥበሽ ጥረጊው።

ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ቀይሪው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ሲመረት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ውኃ ሲጠጣ ግን መለኪያው ወደ 140 ይወርዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ዶት 4 ከዶት 3 ጋር ይስማማል፤ ሲሊኮን የሆነው ዶት 5 ግን ከሁለቱም ጋር አይቀላቀልም።

ፒክአፕ ላይ ብቻ የማነሳው አንድ ነገር አለ። ብዙዎቹ ከኋላው አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ ቫልቭ አላቸው፤ ጭነቱን እየለካ ለኋላ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ጉልበት ይመጥናል። ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመውን ንብርብር የብረት ሞላ) ጨምሮ መኪናውን ከፍ ያደረገ ሰው ይህን ዘንግ ካላስተካከለ፣ ቫልቩ መኪናዋ ሁልጊዜ ባዶ እንደሆነች ቆጥሮ የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። ተጭና ስትሄድ የማትቆም ፒክአፕ ካለች እዚያ ፈልጉ።

ጥያቄ፦ "ሻንሲው ዝጓል። ከስር ጥቁር ሬንጅ ልቀባው አስቤያለሁ፣ ምን ይላሉ?"

መልስ፦ ገዢን ለማታለል ከሆነ ይሠራል። ዝገት ላይ የተቀባ ሬንጅ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል፤ ብረቱ ከስሩ ይበላል፣ እርስዎም አያዩትም። ከስሩ አዲስ ጥቁር የተቀባ አሮጌ ፒክአፕ ሲሸጥ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የማወጣው መዶሻ ነው።

እርስዎም መዶሻ ይያዙ፤ መኪናዋን በክሪክ ብቻ ሳይሆን በብረት መደገፊያ ላይ ካሳረፉ በኋላ ይግቡ። ደህና ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ድምፁ ይታፈናል፣ ካቻቢቴም ይሰርጎድበታል። ጭቃ የሚተኛባቸውን ቦታዎች አይለፉ፦ ከኋላ አክስል በላይ ያለውን ጥምዝ፣ የባሌስትራ ማንጠልጠያዎቹን፣ ካቢናው የሚያርፍባቸውን ክንዶች።

ላዩን ብቻ የዛገውን በሽቦ ብሩሽ ፍቀው፣ ቅባቱን አጥበው፣ ፀረ ዝገት ቀለምና ከላዩ ዋናውን ቀለም ይቀቡ። ዝገት ለዋጭ የሚባለው ፈሳሽ የሚሠራው ስስ ዝገት ላይ ነው፤ በንብርብር የሚላጠውን አስቀድመው ማንሳት አለብዎ። የተቀደደውን ግን ስቱኮም ሆነ ስስ ላሜራ አይደብቀው። ደህናው ብረት ድረስ ተቆርጦ በተመሳሳይ ውፍረት ባለው ብረት ይበየዳል፤ ሻንሲ ላይ ደግሞ በያጁ ሥራውን የሚያውቅ ይሁን።

ብየዳ ካለ ባትሪው ይነቀል፣ የነዳጅ ታንከሩም ይውረድ። "ባዶ ነው" አይበሉ፤ ባዶ ታንከር ውስጥ የቀረው የቤንዚን ትነት ነው የሚፈነዳው። ክሎሪን ባለው የፍሬን ማጽጃ የታጠበ ብረትም ሳይደርቅ እንዳይበየድ፤ በሙቀቱ ፎስጂን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ሲጨርሱ የሻንሲውን ውስጥ በሰም ይርጩት፣ የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎቹንም ይክፈቱ።

ጥያቄ፦ "ፍሬን ስይዝ ፍሬቻው አብሮ ይበራል። አምፖሉን ስንቴ ቀየርኩት!"

መልስ፦ አምፖሉን ተወው፤ ችግሩ ማሳው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ ነው። የኋላ መብራቱ መመለሻ መንገድ ሲያጣ በጎረቤቱ አምፖል በኩል ይዞራል። የጭነት ሳጥኑ ከሻንሲው በላስቲክና በቀለም ስለሚለይ የፒክአፕ የዘወትር ችግር ነው። የማሳውን ሽቦ ፈትተህ ብረቱ እስኪያበራ ፈግፍገህ እሰረው። ቮልቴጅ መለኪያ ካለህ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳይሃል፤ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ከሆነ ዲናሞው ደህና ነው። ፊውዝ ቢቃጠል ደግሞ ከፍ ባለ አትተካው፤ ቀጥሎ የሚቃጠለው ሽቦው ነው።

ጥያቄ፦ "ሞተሩ እርሳስ ላለው ቤንዚን የተሠራ ነው ይሉኛል። የዛሬው ቤንዚን ይጎዳዋል?"

መልስ፦ ሊጎዳው ይችላል፣ ግን ቀስ ብሎ። እርሳሱ የጭስ ማውጫ ቫልቮቹን መቀመጫ ከመበላት ይጠብቅ ነበር። ዛሬ እርሳስ ያለው የመኪና ቤንዚን የለም፤ መጨረሻ ያቆመችው አልጄሪያ ናት፣ በፈረንጆች 2021። ቴስታታህ ለስላሳ መቀመጫ ካለው፣ ተጭነህ በፍጥነት ስትነዳ ቫልቩ ወደ ውስጥ እየሰመጠ ክፍተቱ ይጠባል። አሁኑኑ አታፍርሰው። የቫልቩን ክፍተት በየጊዜው ለካ፤ ቶሎ ቶሎ እየጠበበ ከመጣ፣ ወይም ቴስታታው በሌላ ምክንያት ከወረደ፣ ያኔ ጠንካራ መቀመጫ አስገባበት።

ጥያቄ፦ "ቀለሙስ መቼ ይቀባ?"

መልስ፦ መጨረሻ ላይ። በሩንና ኮፈኑን መጀመሪያ ገጥመው ክፍተታቸውን ያስተካክሉ፣ ከዚያ ፈተው ያስቀቡ። ቀለም ተቀብቶ በር የሚያስተካክል ሰው ጠርዙን ሳይልጥ አይጨርስም።